ሰባቱ የጥድ ሳንቃዎች

ወይዘሮ ሀዳስ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ደውለው የተናገሩት ነገር አጭር ነበር። «መታጠቢያ ቤቱ እየጠራሽ ነው። መጥተሽ ስሚው» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ውበቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቀረች። የቤት ውስጥ ዲዛይን ከጀመረች ስምንት ዓመቷ ነው። በነዚህ ዓመታት ውኃ አፈሰሰ፣ ሻጋታ አወጣ፣ በሩ አልዘጋ አለ እያሉ ያማረሩባትን ደንበኞች ቁጥራቸውን አታውቀውም። ሰው የሚጠራ መታጠቢያ ቤት ግን ሰምታ አታውቅም። ደግሞ ከሃይፋ መታጠቢያ ቤቶች ሁሉ ዳግመኛ ልትረግጠው የማትፈልገው ያንን አንዱን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወይዘሮ ሀዳስ ቀርሜሎስ ተራራ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ አማርኛ የማያውቁ እስራኤላዊት ባልቴት ናቸው። ባላቸው ሙቅ ውኃ ነፍሳቸው የሆነ ሰው ነበሩ፤ የሞቱትም ገንዳቸው ውስጥ እንደተጋደሙ፣ ቧንቧው ሳይዘጋ ነው። በዚያው ዓመት በኅዳር ከተማዋን ያነደደው እሳት ግቢያቸው ድረስ ዘልቆ፣ ሟቹ በወጣትነታቸው የተከሉትን ትልቅ የፈረንጅ ጥድ ለብልቦ ገደለው። ወይዘሮዋ ዛፉን አላስጣሉም። ውበቴን አስጠሩና «ነጭ ሴራሚክ ሆስፒታል እየመሰለኝ ነው። ያንን ክፍል አፍርሺና እንደ ፍል ውኃ ቤት ሞቅ ያለ፣ ሰው ገብቶ የሚያርፍበት አድርጊልኝ። እንጨቱም ያውልሽ» ብለው የጠቆረውን ግንድ በመስኮት አሳዩአት።

ውበቴ ልታስተዋቸው ሞክራ ነበር። እንፋሎት ያለበት ክፍል የሚፈልገው ውኃ የማያበላሸው፣ ቲክ የሚባለው እንጨት ነው ብላ፣ ይህንኑ የሚመሰክርላት አናጢ ይዛ ሄደች። አናጢው ማረው ነበር። ማረው ግንዱን በመጥረቢያ ጠረብ አድርጎ ፍላጩን ወደ አፍንጫው አስጠጋና «የተቃጠለው ልጡ ነው፤ ልቡን እሳት አልነካውም። ቆሞ የደረቀ እንጨት ነው፣ ዘይቱም አብሮት አለ። ይኼ ውኃ አይፈራም» አለ። ከዚያ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ውበቴ ከዚያን ቀን ወዲያ ስለ ቲክ አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

ፍቅር ሥራ አስፈታቸው ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ እንዲያውም ሥራው አማረ። ስለ ወለሉ ርብራብ፣ ስለ ገንዳው ዳር መቀመጫ፣ በሳንቃና በሳንቃ መካከል ስለሚተወው ክፍተት ሲነጋገሩ እጃቸው አንድ እንጨት ላይ ይገናኛል፤ ከተገናኘ በኋላ ለመለያየት ጊዜ ይወስዳል። አራት ወር እንኳ ሳይሞላ ማረው ሽማግሌ ላከ።

የውበቴ አባት አባ ይሄይስ በሚኖሩበት የሃይፋ ሰፈር በኔቬ ዮሴፍ ብቻ ሳይሆን እስከ ክርያት ቢያሊክ ድረስ ዘር በመቁጠር የታወቁ ሰው ናቸው። በቤተ እስራኤል ደንብ ተጋቢዎች እስከ ሰባት ቤት ሥጋ ዘመድ መሆን የለባቸውም፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሽማግሎች ተቀምጠው የሁለቱንም አያት ቅድመ አያት ይቆጥራሉ። የማረው ወገኖች ደግሞ ከጎንደር ዘግይተው የመጡ፣ አያቶቻቸው ክርስትና ተነሥተው የኖሩ፣ እዚህ ሲደርሱ ጊዩር በሚሉት የእምነት መቀበያ ሥርዓት ወደ እምነቱ የተመለሱ የሃሊሳ ሰፈር ሰዎች ናቸው። አባ ይሄይስ ለእነሱ ፊታቸው እንደማይፈታ ውበቴ ታውቃለች። ቢሆንም ደንቡ ደንብ ነው፣ ቆጠራው ከጠራ እምቢ ማለት አይችልም ብላ ተስፋ አደረገች። የማረው አያት እማማ ባንቺአየሁ ተጠርተው መጡና ከማረው ጀምረው ስም እየጠሩ ወደ ኋላ ሄዱ። አራተኛው ቤት ላይ ሙላት አሉ። በአባ ይሄይስም በኩል ከውበቴ ሲቆጠር አራተኛው ቤት ያው ሙላት ነው፤ ሰውየው አንድ፣ መንደሩም አንድ። «ወንድምና እኅት ናችሁ» ተባለና ሽማግሎቹ ተነሡ።

ማረው በዚያው ሳምንት ጠፋ። የወይዘሮ ሀዳስን ሥራ ውበቴ በሌለችበት ሰዓት እየገባ ጨረሰና ቁልፉን ለባልቴቷ አስረክቦ ሄደ። ደብዳቤ የለ፣ መልእክት የለ፤ ብትደውል አያነሣም። ከሐምሌ እስከ የካቲት ሰባት ወር ሆነው። በነዚህ ሰባት ወራት ውበቴ ገላዋን እስኪቀላ ስትፍቅ ኖረች። አንገቷን የሳማት ወንድሟ መሆኑ ትዝ ሲላት ሰውነቷ ይኮማተራል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይናፍቃታል፤ በመናፈቋ ራሷን ትጸየፋለች። አባቷ አሁን ሌላ ሰው አግኝተውላታል። ጌድዮን ይባላል፣ ጨዋ ነው፣ ቆጠራውም የጠራ ነው። ሽማግሎቹ ሐሙስ ይመጣሉ። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነውና እሺ ልትል ቆርጣለች።

የማክሰኞው ስልክ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ሄደች፤ ለምን እንደሄደች ለራሷም አልገባትም።

*

ቀርሜሎስ የዚያን ቀን ጉም ለብሶ ነበር። አውቶቡሱ ሽቅብ በወጣ ቁጥር መጀመሪያ ወደቡ ጠፋ፣ ቀጥሎ ባሕሩ ጠፋ፣ በመጨረሻ መንገዱ ራሱ ጠፋና ሾፌሩ በቀን መብራት አበራ። ውበቴ ከወረደች በኋላ የግቢውን አጥር በእጇ እየዳሰሰች ነው በሩን ያገኘችው። የጥዱ ግንድ የነበረበት ቦታ ላይ ጉቶው ብቻ ቀርቷል።

ወይዘሮ ሀዳስ በሩን ከፍተው ይጠብቁ ነበር። ፀጉራቸው እርጥብ ነው፣ ጉንጫቸው እንደ ሙሽራ ቀልቷል። «ግቢ» አሉ። ዕብራይስጥ አንቺና እርስዎን አይለይምና ውበቴ ከእሳቸው ጋር ስትነጋገር ሁልጊዜ አንዳች ነገር የጎደለባት ይመስላታል።

የመታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሽታው ቀድሞ ተቀበላት። የጥድ ሽታ ነው፤ የማረው ሸሚዝ ሽታ። የበሩን መቃን ያዘች። ክፍሉ ከወለል እስከ ጣሪያ ቁልቁል በተገጠሙ ሳንቃዎች ተሸፍኗል። መካከል ላይ ግራጫው የድንጋይ ገንዳ፣ በዳሩ ሰው ጋደም የሚልበት የእንጨት መቀመጫ፣ ከእግር ሥር ውኃውን የሚያሳልፈው ርብራብ አለ። ሁሉም እሷ በወረቀት እንደሳለችው ነው። ያልሳለችው አንድ ነገር ቢኖር ሙጫው ነበር። ሙቀቱ ከሳንቃዎቹ ጉጥ ሥር ሙጫ እያወጣ፣ ግድግዳው ላይ ቁልቁል ወርዶ ቀይ ሆኖ ደርቋል። መስቀያው ላይ ሁለት ፎጣ አለ፤ ሁለቱም እርጥብ ነው።

«እንግዳ አለ እንዴ?» አለች።

«ማንም የለም» አሉ ወይዘሮ ሀዳስ፤ ስለ ፎጣው ግን ምንም አልጨመሩም። ገንዳው ዳር ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አበደች እንዳትዪ። በገንዳው በኩል ያለው ግድግዳ ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ያንኳኳል። ሙቅ ውኃ ከፍቼ ስጋደም ሦስት ጊዜ። ባሌ ነው። በሱ ቅሬታ የለኝም፤ ለሱ ብዬ አልጠራሁሽም። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ግን በመስኮቱ በኩል ሌላ መጥቷል። ያኛው የኔ አይደለም።»

«እንጨት ነው፣ ሀዳስ። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ያን ጊዜ ድምፅ…»

«ቤሰደር፣ እሺ፣ እንጨት ነው» አሉ ባልቴቷ። «አርባ ዘጠኝ ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው ኳኳታ የማላውቅ መስሎሽ ከሆነ ግን ተሳስተሻል። በመስኮቱ በኩል ያለው ሌላ ሰው ነው የሚፈልገው። እዚህ ቤት ከኔ ሌላ የሚገባው ሰው ማን ነው? አንቺና ያ አናጢ ብቻ ናችሁ።»

ተነሥተው ሙቁን ውኃ ለቀቁት። እንፋሎቱ ቀስ እያለ መስተዋቱን ሸፈነው፣ መስኮቱንም ሸፈነው፤ ውጭው ጉም፣ ውስጡ ጉም ሆነ። ሁለቱ ሴቶች ቆመው አዳመጡ። መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ከመስኮቱ ጎን፣ ከሳንቃው ጀርባ፣ በጣት አንጓ እንደተመታ በር አንድ ጊዜ ኳ አለ።

ቆየት ብሎ ኳ፣ ኳ። ቸኩሎ አይደለም፤ ሰው መኖሩን እርግጠኛ ሆኖ የሚያንኳኳ ሰው እንደሚያደርገው ነው። ሳታስበው ተራምዳ መዳፏን ሳንቃው ላይ አሳረፈች። እንጨቱ ሞቋል። ከመዳፏ ሥር አንድ ጊዜ በኃይል ሲመታ ተሰማት።

«ማረው ደህና ነው?» ብላ ጮኸች፤ ጩኸቷ ለራሷም አስደነገጣት። ሞቶ ይሆን የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣባት አታውቅም። ውበቴ ቦርሳዋን እንኳ ሳታነሣ ወደ ጉሙ ሮጠች። ወንድሟ ለሆነ ሰው፣ ሰባት ወር ልትረሳው ለታገለችው ሰው፣ በሕይወት ቢኖር ብቻ ይበቃኛል ብላ አለቀሰች።

*

ረቡዕ ጠዋት ሚስማር መንቀያና መዶሻ ይዛ ተመለሰች። ያበጠ ግድግዳ ካለ ከፍቶ ማየት ነው፣ ሥራዬ ነው፣ እያለች መንገዱን ሙሉ ለራሷ አስረዳች።

መጀመሪያ ግድግዳውን በጥፍሯ ዳሰሰች። በገንዳው በኩል፣ በበሩ በኩል፣ በሁሉም ጎን በሳንቃና በሳንቃ መካከል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አለ። እንጨት ሲያብጥ የሚሄድበት ቦታ ነው፤ ማረው እሱን ሳይተው ገጥሞ አያውቅም። መስኮቱ ጎን ስትደርስ ጥፍሯ አልገባም። ቆጠረች። ሰባት ሳንቃዎች ላይ ምንም ክፍተት የለም፤ አንዱ በሌላው ላይ ተጣብቆ፣ ተጨናንቆ፣ መሐሉ ሆድ አውጥቷል።

ተናደደች። «እንዲህ ነው ከኔ ለመገላገል የቸኮለው?» አለች በአማርኛ። ወይዘሮ ሀዳስ ምን እንዳለች አልጠየቋትም።

መንቀያውን ከጥግ አስገብታ ገፋች። ሳንቃው እንደ ሰው ጮኾ ተላቀቀ። በጀርባው አናጢ እንደሚያደርገው ቁጥር ተጽፎበታል፤ ፩። ከቁጥሩ ሥር ግን በአናጢ እርሳስ፣ ከላይ እስከ ታች የአማርኛ ጽሑፍ ነበር።

ውበቴ ወደዚህ አገር ስትመጣ አራት ዓመቷ ነበር፤ ፊደል ያስተማሯት አባቷ ናቸው፣ ስታነብም ገና እንደ ተማሪ እያንዳንዱን በከንፈሯ ትጠራለች። ተንበርክካ በጣቷ እየተከተለች ጀመረች።

«ውበቴ፣ ይህን ካነበብሽ እንጨቱ ጠርቶሻል። እኔ አልጠራሁሽም፤ መሐላዬን አልበላሁም።»

ሁለተኛውን ነቀለች። «አባትሽ አፍህ ቃል፣ እጅህ ወረቀት፣ ሰው መልእክት እንዳያደርስላት ብለው በኦሪት አስማሉኝ። ማልኩ። እንጨት ግን አላሉም።»

ሦስተኛው። «በዕድሜዬ ሥራ አበላሽቼ አላውቅም። እነዚህን ሰባቱን ብቻ አውቄ ያለ ክፍተት ገጠምኳቸው። የዚህ አገር ክረምት ሲገባ ያብጣሉ፣ ሲያብጡ ይጮኻሉ፣ ሲጮኹ አንቺ ትጠሪያለሽ። ከነዚህ ሌላ ያለው ሁሉ እንደ ደንቡ ነው። ድምፅ አያወጣም።»

በዚህ ጊዜ ከጀርባዋ፣ በገንዳው በኩል፣ ማንም ካልነካው ግድግዳ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ውኃው አልተከፈተም። ውበቴ አንገቷን ማዞር አልቻለችም። ወይዘሮ ሀዳስ ግን ፈገግ ብለው ፎጣዎቹን ያስተካክላሉ። «ነገርኩሽ» አሉ በለሆሳስ። «ያኛው የኔ ነው። አንቺ የራስሽን ቀጥዪ።»

አራተኛው ሳንቃ ላይ የተጻፈው ሦስት ቃል አይሞላም ነበር። «ወንድምሽ አይደለሁም።»

ፊደሉን ሁለቴ፣ ሦስቴ አነበበችው። ከዚያ መንቀያውን በሁለት እጇ ይዛ አምስተኛውን ነቀለችው ከማለት ሰነጠቀችው ማለት ይቀላል። «አያቴ ወደዚህ ለመምጣት ጎንደር ግቢው ውስጥ ተራ ስትጠብቅ ስም የሚጽፉት ሰዎች አያትሽ ማን ነው አሏት። አባቷን የወለደው ሰው ክርስትና የተነሣ ነበር። ያሳደገው ሙላት ነው፤ የእንጀራ አባቱ። ሙላት በአገሩ የታወቀ ቤተ እስራኤል ስለነበረ፣ ቢመልሱኝስ ብላ ፈርታ ሙላት አለች። በእናቷ በኩል ቤተ እስራኤል ነበረች፤ እውነቱን ብትናገርም ባልጎዳት ነበር። ፍርሃት ግን ይህን አያስብም።»

ስድስተኛው። «ሽማግሎቹ ፊት ሌላ ስም ብትጠራ ወረቀታችን ይመረመራል ብላ ያንኑ ደገመች። ቤት ስንገባ እግሬ ላይ ወድቃ ነገረችኝ። እኔ አደባባይ ባወጣው ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ላይ አዋርዳታለሁ። ዝም ብል አንቺን አጣለሁ። ዝም አልኩ።»

ሰባተኛው ሲላቀቅ ውበቴ ርብራቡ ላይ ተቀምጣ፣ ሳንቃውን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ነበር። «ብታገቢ አልቀየምሽም። አንድ ነገር ብቻ እንድታውቂ ነው ይህን ሁሉ ያደረግሁት። በኔ ምክንያት ራስሽን አትጸየፊ። የነካሽ እጅ የዘመድ እጅ አልነበረም። የሚወድሽ ሰው እጅ ነው።»

ሳንቃውን አቀፈችው። ሙጫው ልብሷ ላይ ተጣበቀ፣ ፀጉሯ ላይ ተጣበቀ፤ ግድ አልነበራትም። ሰባት ወር ሙሉ ስትፍቀው የኖረችው ቆዳ ድንገት የራሷ ሆኖ ተሰማት። ወይዘሮ ሀዳስ አንዱን ፎጣ አንሥተው ትከሻዋ ላይ ጣሉላት። ፎጣው ሞቃት ነበር።

*

አባ ይሄይስ በረንዳቸው ላይ ጋቢ ደርበው ለሐሙስ እንግዶች ማንን ማን አጠገብ እንደሚያስቀምጡ ያሰላስላሉ። ጉሙ ከተራራው ወርዶ እስከ ኔቬ ዮሴፍ ደርሷል። ውበቴ ከፊታቸው ቆመች። ስትመጣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ወስናለች፤ ማረው ሰባት ወር የጠበቀውን ምስጢር እሷ በአንድ ቀን አታፈስም።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ጠይቂ ልጄ።»

«ሰው የወለደውን ትቶ ያሳደገውን ‹አባቴ› ብሎ ቢጠራ፣ ስትቆጥር ታውቀዋለህ?»

የአባ ይሄይስ እጅ ጋቢው ላይ ቆመ። ልጃቸውን አዩአት፤ ፀጉሯ ላይ የደረቀውን ሙጫ አዩ። «ማን ነገረሽ?» አሉ። «ያ ልጅ መሐላውን በላ?»

«አልበላም። ቃል አልተናገረኝም፣ ወረቀት አልጻፈልኝም፣ ሰውም አልላከብኝም። በኦሪት እምልልሃለሁ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ውጭ አዞሩ። ከበረንዳው በታች መንገዱ አይታይም፤ የሰዎች ድምፅ ብቻ ያለ አካል ሽቅብ ይመጣል።

«ባንቺአየሁ ሙላት ላይ ስትደርስ ውኃ ጠየቀች» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ ነሽ የቀዳሽላት። አርባ ዓመት ዘር ስቆጥር፣ ሰው የአባቱን አባት ስም ሲጠራ ጉሮሮው የደረቀ አንድ ሰው አላየሁም። አያቴም ‹ከኛ ጋር አንድ የሌላ ሰው ልጅ አድጓል› ሲል በልጅነቴ ሰምቻለሁ። ያን ዕለት አውቄያለሁ፣ ውበቴ።»

«አውቀህ?» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «አውቀህ ነው ወንድምሽ ነው ያልከኝ?»

«ብጠይቃት ትዋረዳለች ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ለራሴ ስነግረው የኖርኩት እንዲህ ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ታላቅ ወንድሜ ክርስትና ተነሥቼ ስሜን አልለውጥም ብሎ ሲሰደድ ሱዳን በረሃ ቀርቷል፤ መቃብሩን አላውቀውም። እነሱ ማተብ አስረው ማሳቸውን ሲያርሱ እኛ ቡዳ እየተባልን መሬት ተነፍገን ኖርን። ልጄን ለነሱ መስጠት አልፈለግሁም። ያ ስም ሲመጣልኝ ከኋላው ተደበቅሁ።»

«ሰባት ወር ገላዬን ስፍቅ ታየኝ ነበር!»

«አይሽ ነበር።»

«ርኩስ ነኝ ብዬ ነበር አባዬ! ወንድሜን ነው የምናፍቀው ብዬ፣ እንደኔ ያለች ሴት መኖር የለባትም ብዬ…»

መጨረስ አልቻለችም። አባ ይሄይስ ሊነኳት እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት፤ የመንካት መብት ያላቸው አልመሰላቸውም። እንባቸው ሞልቶ ጢማቸው ላይ ወረደ። ውበቴ አባቷ ሲያለቅሱ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ልትራራላቸው ፈለገች፣ አልቻለችም፤ ሁለቱም አንድ ላይ አንገበገቧት።

«ጫማዬን አቀብይኝ» አሉ ቆይተው።

«ወዴት?»

«ሃሊሳ።»

የሴት ልጅ አባት ተነሥቶ ወደ ወንዱ ወገን ደጃፍ መሄዱ በየትኛውም ደንብ የለም። ውበቴ ይህን ታውቃለችና ጫማውን እንደያዘች ቆመች። «ሰዎች ምን ይላሉ?»

«ይሄይስ አረጀ፣ መቁጠር ተሳነው ይላሉ። እኔም እንደሱ ነው የምላቸው፤ ሙላት የሚባሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ እኔ ነኝ ያሳሳትኩት እላለሁ። የባንቺአየሁ ነገር ከዚህ በረንዳ አይወጣም። ለጌድዮን አባትም ራሴ እነግረዋለሁ።» ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማሰር ጀመሩ። «ከዚህ በኋላ ማንም ዘር ቁጠርልኝ ብሎ አይጠራኝም። ይሁን።»

ውበቴ ተንበረከከችና ማሰሪያውን ከእጃቸው ወስዳ አሰረችላቸው። ይቅር አላለቻቸውም፤ ግን እግራቸው እንዲህ ቀጭን መሆኑን አላስተዋለችም ነበርና ልቧ አዘነ።

*

የማረው የእንጨት መሥሪያ ሃሊሳ ውስጥ ከአንድ አሮጌ ፎቅ ሥር ነው። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ የመላጊያ ድምፅ ይሰማል፤ ሻ፣ ሻ። አባትና ልጅ ደጃፉ ላይ ሲቆሙ ድምፁ ተቋረጠ።

ማረው ቀና አለ። የሰጋቱራው ብናኝ ፀጉሩንና ቅንድቡን አንጥቶታል፤ ከስቷል፣ ጉንጩ ገብቷል። ውበቴ ለአንድ አፍታ የሞተ ሰው ያየች መሰላት። ሊናገር አፉን ከፈተና አባ ይሄይስን ሲያይ መልሶ ገጠመው። ለሽማግሌው እስከ ወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። እሷን ግን አያት፤ ማየት በመሐላው ውስጥ አልነበረምና ዓይኑን አልነቀለም። በዚያ አስተያየት ውስጥ ጥያቄው ሁሉ ነበር። አነበብሽው? ታምኚኛለሽ? ነገ ሐሙስ ሽማግሌ እንደሚመጣልሽ ሰምቻለሁ፤ ለመሰናበት ነው የመጣሽው?

ጉሙ በበሩ እየገባ ከብናኙ ጋር ይቀላቀላል። ውበቴ እዚህ ሦስት ሕያዋን ሳይሆኑ ሦስት ጥላዎች የቆሙ መሰላትና ፈራች፤ አንዳቸው ቶሎ ካልተናገሩ እንዲሁ እንደቆሙ የሚቀሩ መሰላት።

«አያትህ አሉ?» አሉ አባ ይሄይስ።

ማረው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«እገባና አነጋግራቸዋለሁ። እኔና እሳቸው ብቻ፣ ያለ ምስክር። ከእግራቸው ሥር ነው የምቀመጠው።» ሽማግሌው ወደ ማረው ቀረብ አሉ። «በኦሪት ያስማልኩህ እኔ ነኝ። የበደልኩህም እኔ ነኝ። ከመሐላህ ፈትቼሃለሁ ልጄ። ተናገር።»

መላጊያው ከማረው እጅ ወድቆ ሰጋቱራው ውስጥ ተቀበረ። ሰባት ወር የተዘጋ አፍ ነውና ቶሎ አልከፈት አለው። ሁለት ጊዜ ሞክሮ በሦስተኛው ድምፁ ወጣ፤ ሻክሮ፣ ዝቅ ብሎ።

«እሷ ትቅደም አባ» አለ። «እኔ ጽፌ ጨርሻለሁ።»

ሁለቱም ወደ ውበቴ ዞሩ። ሰባት ወር ሙሉ በልቧ ያጠራቀመችው እርግማንና ናፍቆት፣ ስድብና ልመና፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠፋባት። የቀራት ሥራዋ ብቻ ነበር።

«የሰው መታጠቢያ ቤት» ብላ ጀመረች፣ ልትቆጣ ፈልጋ፣ ጣቷን ቀስራበት፤ «እንደዚያ ያለ የጥድ ግድግዳ፣ ያለ ክፍተት ገጥመህ፣ ሰባት ሳንቃ ሙሉ አበላሽተህ…»

ከዚያ በላይ አልሄደላትም። ልቅሶው ቀደማት።